ካርታው ላይ ያለው ቀስት ይዋሻል

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ስለ ጥንታዊ ግሪክ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ሁለት ሠራዊት በጠመኔ ሳልኩ። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ረጃጅም መስመሮች ናቸው። ከዚያ ከአንዱ መስመር ቀኝ ጫፍ ወደ ግራው ጫፍ የሚሄድ ቀስት ጨመርኩና "ንጉሡ በግራ በኩል ክፍተት ተፈጠረ ብሎ ሁለት አዛዦችን ከቀኝ ሄዳችሁ ድፈኑ አላቸው። እነሱ ግን አልሄዱም" አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዱ ወዲያው "ፈሪዎች ስለሆኑ ነዋ ቲቸር!" አለ። ክፍሉ ሳቀ።

ልጁ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ የገዛ አገራቸው ስፓርታም የፈረደችባቸው እንደዚያው ነው። በፍርሃት ከሳ ከአገር አባረረቻቸው። እኔም ለብዙ ዓመታት ታሪኩን የምነግረው እንዲሁ ነበር፤ ንጉሥ አዘዘ፣ አዛዦች ፈሩ፣ ተቀጡ፣ ቀጣዩ ገጽ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ጨዋታ ነው። አትሳቁ፤ አዎ፣ የአሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። አንድ ቀን በቪዲዮ እያወራን ከኋላው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ወታደሮች አየሁ። "የልጅህ ነው?" ብለው "የኔ ነው" አለኝና አፈረ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳኝ ዋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ አዋቂዎች በቀለም የተቀቡ ትንንሽ ወታደሮችን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው ጥንታዊ ጦርነቶችን ይጫወታሉ። ሜትር አለ፣ ዳይስ አለ (የሉዶውን ማለቴ ነው፣ ከ1 እስከ 6 ነጥብ ያለውን)፣ የሕግ መጽሐፍም አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የፕሩሺያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 መኮንኖች የሚሠለጥኑበት የጦርነት ጨዋታ ሕግ አሳትሟል። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ለአሻንጉሊት ወታደሮች ቀላል ሕግ አወጣ። በዌልስ ሕግ እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ጫማ፣ ፈረሰኛ ሁለት ጫማ ይሄዳል፤ ርቀቱ በተቆረጠ ገመድ ይለካል። በቃ።

የዌልስ ወታደር ግን ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው። የጥንት ወታደር ብቻውን አይሄድም፤ በሰልፍ ነው የሚሄደው። ይህን ቁም ነገር ጠረጴዛ ላይ ለማምጣት ከደከሙት አንዱ እንግሊዛዊው ፊል ባርከር ነው። እሱና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ጥንታዊ ጦርነት ሕግ ማሳተም ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ባጭሩ ዲቢኤ የሚባለውን ትንሽ ሕግ አወጡ። የአክስቴ ልጅ የሚጫወተው ይህንን ነው።

በዲቢኤ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጭፍራ አለው። አንድ ጭፍራ ማለት ሦስት አራት ወታደሮች የተለጠፉባት ትንሽ ጠፍጣፋ ናት፤ በትንሹ መጠን ስፋቷ 4 ሳንቲሜትር ነው። ተራህ ሲደርስ ዳይስ ትጥላለህ። 4 ከወጣ አራት ትእዛዝ አለህ። 1 ከወጣ አንድ ብቻ። አንድ ትእዛዝ አንድ ጭፍራ ያንቀሳቅሳል፤ ወይም ደግሞ ጎን ለጎን ተነካክተው በአንድ አቅጣጫ የቆሙትን ጭፍሮች ሁሉ እንደ አንድ ቡድን ያንቀሳቅሳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መስመርህ ካልተሰበረ 12ቱንም በአንዲት ትእዛዝ ወደፊት ትወስዳለህ። መስመሩ ለሦስት ከተሰበረ ግን ያንኑ ሠራዊት ለማንቀሳቀስ ሦስት ትእዛዝ ትከፍላለህ። ለስድስት ከተሰበረ ስድስት፤ ስድስት ደግሞ ሁልጊዜ አይወጣም። በተጨማሪ ከንጉሡ ወይም ከጦር መሪው የራቀ ወይም የማያየው ጭፍራ ተጨማሪ ትእዛዝ ያስከፍላል።

ይህችን ሕግ ስሰማ ዝም ብዬ ቀረሁ። ምክንያቱም እኔ ሰሌዳ ላይ ቀስት ስስል ምንም አልከፍልም። ጠመኔውን መጎተት ነው። የሕግ መጽሐፉ ግን "ቀስት ዋጋ አለው" ይላል።

እንደ በር መዞር

ሌላው ሕግ የመዞር ነው። ቡድን የሆነ ሰልፍ ወይ ቀጥ ብሎ ወደፊት ይሄዳል፣ ወይ በአንዱ የፊት ጫፉ ላይ ተተክሎ እንደ በር ይዞራል። ሲዞር የሚለካው የውጭው ጫፍ የተጓዘው ርቀት ነው። ማለትም ማጠፊያው ጋ ያለው ሰው አንድ እርምጃ ሳይራመድ ውጭ ያለው ሰው የተራውን መንገድ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር መዞሪያው እየጠበበ ይመጣል።

ይህን ለማየት ተማሪዎቼን ወደ ሜዳ አወጣኋቸው። 30 ልጆች ትከሻ ለትከሻ አቆምኩና "ግራ ጫፍ ያለው ምሰሶ ሆኖ ይቁም፤ ሌሎቻችሁ መስመሩን ሳታጣምሙ እንደ በር ዙሩ" አልኩ። እነዚህ ልጆች በየጠዋቱ ለሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፉ ያደጉ ናቸው፤ ሰልፍ አዲሳቸው አይደለም። ግን መቆም ሌላ፣ መዞር ሌላ! በመጀመሪያው ሙከራ መስመሩ እንደ ማጭድ ተቆለመመ። በሁለተኛው መሃል ላይ ተበጠሰ። በሦስተኛው ውጭ ያሉት ሲሮጡ መሃል ያሉት "ቀስ በሉ!" እያሉ ሲጮሁ፣ ምሰሶ የሆነው ልጅ ደግሞ ተገፍቶ ቦታውን ለቀቀ። ማንም ጦር አልያዘም፣ ማንም አይገድላቸውም፣ ሜዳው ደግሞ ለጥ ያለ ነው።

ከዚያ ክፍል ገብተን ሒሳቡን ሠራን። ለእያንዳንዱ ሰው 90 ሳንቲሜትር ብንሰጥ 30 ልጅ 27 ሜትር ይሆናል። ሩብ ዙር ለመዞር የውጭው ልጅ 42 ሜትር ገደማ ይራመዳል። አሁን 448 ሰው አስቡ። ቁጥሩን ከአየር ላይ አላመጣሁትም፤ ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ ስለ ስፓርታ መስመር ሲያሰላ የፊት ረድፉን 448 ሰው፣ ጥልቀቱን ባብዛኛው 8 ሰው ያደርገዋል። የ448 ሰው መስመር 400 ሜትር ገደማ ነው። ሩብ ዙር ቢዞር የጫፉ ሰው ከ600 ሜትር በላይ መራመድ አለበት። ጋሻና ጦር ይዞ፣ መስመር ጠብቆ፣ ጠላት እየመጣበት። ስምንት ደቂቃ ቢፈጅበት አይገርመኝም።

እንግዲህ "ለምን ዞር ብለው ከጎን አልመቱም?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ይሄው ነው።

ማንቲንያ፣ 418 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ። ስማቸው ሂፖኖይዳስና አሪስቶክሌስ ነው። ጦርነቱ በፔሎፖኔዝ ማንቲንያ አጠገብ የተደረገ ነው። በአንድ ወገን ስፓርታና ወዳጆቿ፣ በሌላው ወገን አርጎስ፣ ማንቲንያ፣ አቴናና ሌሎችም ነበሩ። የስፓርታ መሪ ንጉሥ አጊስ ነው።

አጊስ ወደዚህ ጦርነት የመጣው አንገቱን ደፍቶ ነው። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ የአርጎስን ጦር አግኝቶ ሳይዋጋ ዕርቅ ስላደረገ ስፓርታውያን በጣም ተቆጥተው ነበር። ቤቱን ሊያፈርሱና 100,000 ድራክማ ሊቀጡት ተነስተው ለምኖ ነው የተረፈው፤ ያም ሆኖ ያለ እነሱ ምክር ሠራዊት እንዳይመራ አሥር አማካሪዎች ተመደቡበት። ይህ ሰው ዳግመኛ እንዲሳሳት አይፈቀድለትም። ይህንን አስታውሱልኝ።

ቱሲዲደስ ስለዚህ ጦርነት ሲጽፍ አንድ ነገር ያስረዳል፤ ለእኔ በጦርነት ታሪክ ውስጥ ከምወዳቸው ገለጻዎች አንዱ ነው። ማንኛውም ሠራዊት ወደፊት ሲሄድ ወደ ቀኝ ያዘነብላል ይላል። ለምን? ጋሻ በግራ ክንድ ነው የሚያዘው። ስለዚህ የያንዳንዱ ሰው ቀኝ ጎን ክፍት ነው፤ ያንን ክፍት ጎን የሚሸፍንለት በቀኙ ያለው ጓደኛው ጋሻ ነው። ሰው ሲፈራ ወደዚያ ጋሻ ይጠጋል። ያኛውም በተራው ይጠጋል። የመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ክፍት ጎኑን ከጠላት ለማራቅ ወደ ቀኝ ይስባል፤ ሌላው ይከተለዋል። በዚህ ምክንያት የሁለቱም ሠራዊት ቀኝ ክንፍ የሌላውን ግራ አልፎ ይወጣል።

እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ግራና ቀኙ ሲቀራረቡ የማንቲንያ ሰዎች የስፓርታን ግራ ክንፍ አልፈው ሊከቡት ሆነ። አጊስ ይህንን አይቶ የግራ ክንፉን፣ ማለትም ስኪሪታይ የሚባሉትንና የብራሲዳስ ዘማቾች የነበሩትን፣ ወደ ግራ ሂዱና ከጠላት ጋር ተስተካከሉ አላቸው። ሄዱ። ሲሄዱ ግን በእነሱና በዋናው መስመር መሃል ክፍተት ሆነ። ያንን እንዲደፍኑ ሂፖኖይዳስና አሪስቶክሌስ ከቀኝ ክንፍ ሁለት ሎኮስ ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ።

በቱሲዲደስ ስሌት አንድ ሎኮስ የፊት ረድፉ 64 ሰው ነው። ሁለቱ 128 ሰው፣ ከ110 ሜትር በላይ መስመር ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ከመስመር ወጥተው፣ ከራሳቸው ሰልፍ ጀርባ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ተጉዘው፣ እንደገና ተሰልፈው፣ ፊታቸውን ወደ ጠላት አዙረው መቆም ነበረባቸው። ትእዛዙ የደረሳቸው ደግሞ ጥቃቱ በተጀመረበት ሰዓት፣ በድንገት ነው። አልሄዱም።

አጊስ እንደማይመጡ ሲያይ ለግራ ክንፉ "ተመለሱና ዝጉት" አለ። እነሱም ሊደርሱ አልቻሉም፤ ጊዜ አልነበረም። የማንቲንያ ሰዎችና የአርጎስ 1,000 ምርጥ ወታደሮች በክፍተቱ ገብተው የስፓርታን ግራ ክንፍ ሰብረው እስከ ጋሪዎቹ ድረስ አባረሩት።

ያም ሆኖ ስፓርታ አሸነፈች። በመሃል፣ አጊስና 300ዎቹ ጠባቂዎቹ ባሉበት፣ የገጠማቸው ጠላት ብዙው ሳይጋጭ ነው የሸሸው። ስፓርታውያን ሲሄዱ በዋሽንት ዜማ እኩል እየረገጡ ነበር፤ ቱሲዲደስ ይህ ለአምልኮ ሳይሆን እርምጃቸው እንዳይዛነፍ ነው ይላል። ከአርጎስና ከተባባሪዎቿ 1,100 ገደማ ሰው ሞተ፤ ከስፓርታ ወገን 300 ገደማ እንደሞተ ይነገራል።

ከድሉ በኋላ አጊስ ክብሩ ተመለሰለት። ሂፖኖይዳስና አሪስቶክሌስ ግን ፈርተዋል ተብለው ከስፓርታ ተሰደዱ።

ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ

እኔ ቀለም የተቀቡ ወታደሮች የሉኝም። ካርቶን በ4 ሳንቲሜትር ቆረጥኩ፤ የንጉሦቹን ቦታ በቆርኪ አመለከትኩ። ሁለት የተማሪ ጠረጴዛ አገጣጥመን ማንቲንያን አሰለፍን። አጊስ እንድትሆን የመረጥኳት ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ከፊት ተቀምጣ ያን ዕለት "ፈሪዎች" ሲባል ከሳቁት አንዷ ነበረች።

ዳይስ ጣለች፤ 2 ወጣ። በአንዱ ትእዛዝ የግራ ክንፉን ወደ ግራ አወጣች። ክፍተቱ ተከፈተ። አንድ ትእዛዝ ቀራት። ከቀኝ ሁለት ጭፍራ ለማምጣት አንስታ በሜትር ለካች፤ ሁለት ተራ ሳይሆን ሦስት ተራ ሊፈጅ ነው። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጠረጴዛውን ብዙ ጊዜ አየችው።

"ቲቸር፣ ካነሳኋቸው እኮ ቀኙም ክፍት ይሆናል። መንገድ ላይ እያሉ ደግሞ ጀርባቸውን ይመቷቸዋል" አለች።

በጨዋታው ሕግ ከጎኑ ወይም ከኋላው ጠላት የያዘው ጭፍራ ፊት ለፊት ከተሸነፈ ማፈግፈጊያ ስለሌለው ይጠፋል። እሷ ይህንን ታውቃለች።

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"አላንቀሳቅሳቸውም።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ከኋላ ወንበር "ፈሪዎች" ያለው ልጅ የማንቲንያን ወገን ይዞ ነበርና በክፍተቱ ገባ፤ ግራ ክንፏን ሰበረ። እሷ ግን በመሃል አሸነፈች። ልክ እንደ አጊስ፣ ልክ እንደ እነዚያ ሁለት አዛዦች፤ ንጉሡንም አዛዦቹንም ሆና።

ከዚያ "አሁን እነሂፖኖይዳስ ጥፋተኛ ናቸው?" ብዬ ጠየቅሁ። ክርክሩ ደወል እስኪደወል አላለቀም። አንዱ "ወታደር ትእዛዝ ካልፈጸመ ሠራዊት አይደለም" አለ፤ ልክ ነው። ሌላዋ "መፈጸም የማይቻል ትእዛዝ ያዘዘው ነው ጥፋተኛው" አለች፤ እሱም ልክ ነው። እኔን የነካኝ ግን የመጨረሻው ሐሳብ ነው። "የታዘዙት የግራ ክንፍ ሰዎች እንኳ ተመለሱ ሲባሉ መድረስ አልቻሉም፤ ታዲያ ከቀኝ የሚመጡት እንዴት ይደርሱ ነበር?" አለ አንዱ። ይህ ማስረጃ ከ2,400 ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ አለ። ለዓመታት አንብቤዋለሁ። አላየሁትም።

የውሻ ራሶች፣ 197 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት

"እንግዲያው በጦርነት መሃል መንቀሳቀስ ጨርሶ አይቻልም ማለት ነው?" ለምትሉኝ አንድ ሌላ ጦርነት ላንሳ። በቴሳሊ ኪኖስኬፋላይ የሚባሉ ኮረብታዎች አሉ፤ ትርጉሙ የውሻ ራሶች ነው። የመቄዶንያው ፊልጶስ አምስተኛና የሮማው ፍላሚኒኖስ እዚያ ተገናኙ።

የመቄዶንያ ፋላንክስ ሳሪሳ የሚባል ከ6 ሜትር በላይ የሚረዝም ጦር በሁለት እጁ ይይዛል። ጸሐፊው ፖሊቢየስ እንደሚያስረዳው የአምስት ረድፍ ጦር ጫፍ ከመጀመሪያው ሰው ፊት አልፎ ይወጣል። ሮማዊው ሰይፉን ለመሰንዘርና ለመዞር ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ አንድ ሮማዊ ብቻውን አሥር የጦር ጫፍ ይገጥመዋል። ከፊት ለፊት የሚችለው የለም። ግን ሜዳው ለጥ ያለ፣ ጉድጓድና ቁጥቋጦ የሌለው መሆን አለበት፤ ከኋላ ከመጡበት ደግሞ መዞር አይችልም። ስድስት ሜትር ጦር ይዞ በጓደኞቹ መሃል እንዴት ይዙር?

ያን ቀን ጭጋግ ነበር። ጦርነቱ በአጋጣሚ ኮረብታው ላይ ተጀመረ። የፊልጶስ ቀኝ ክንፍ ተሰልፎ ቁልቁል ወርዶ ሮማውያንን ገፋ። ግራ ክንፉ ግን ገና በጉዞ ሰልፍ እየመጣ፣ ወጣ ገባ መሬት ላይ ነበር። ፍላሚኒኖስ ዝሆኖቹን አስቀድሞ በዚያ በኩል ገባበትና በተነው።

አሁን የሮማ ቀኝ አሸንፏል፣ ግራው እየተሸነፈ ነው። በዚህ ጊዜ አሸናፊው ክንፍ ውስጥ የነበረ አንድ ትሪቡን፣ ማለትም መካከለኛ አዛዥ፣ በራሱ ፈቃድ 20 ማኒፕል ነጥሎ ዞረና የፊልጶስን ቀኝ ከኋላው መታው። ማኒፕል ትንሽ ጭፍራ ናት፤ ብዙዎቹ 120 ሰው ገደማ ናቸው። የሮማ ሰልፍ ከመጀመሪያው በትንንሽ ጭፍራ ተከፋፍሎ፣ በመሃላቸው ክፍተት ተትቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ 20ውን ቆርጦ ማዞር ይቻላል። እንደ 400 ሜትር በር መዞር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ እንደ ትንሽ መስኮት ይዞራል።

የመቄዶንያ ሰዎች ጦራቸውን እየጣሉ ሸሹ። በሌላ በኩል አንዳንዶቹ ሳሪሳቸውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙ፤ በእነሱ ባህል እጅ ሰጠን ማለት ነው። ሮማውያን ምልክቱን አላወቁትም። ፍላሚኒኖስ ተነግሮት ሊያስቆም ቢልም የፊተኞቹ ወታደሮች ገድለዋቸው ነበር። በፖሊቢየስ ቁጥር 8,000 ገደማ መቄዶናውያን ሞቱ፤ ከሮማ 700 ገደማ።

ዲቢኤን ስንጫወት ይህን ማየት ይቻላል። አሸናፊው ተጫዋች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ለመጨረሻው ሰዓት ሁለት ሦስት ያልተበታተኑ ጭፍሮች ያስቀመጠው ነው። ድፍረትም ቁጥርም ያስፈልጋል፤ ግን ዞሮ መምጣት የሚችል እጅ ከሌለህ ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ካርቶን ብቻ ነው ያለህ።

የእኛው ስሞች

ይህን ሳስብ የራሳችን ማዕረጎች ትዝ አሉኝ። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች እያልን ስንጠራ የሰው ክብር ብቻ ይመስለናል። ግን ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ ስሙት፤ ፊት የሚመራ፣ የቀኝ አዝማች፣ የግራ አዝማች፣ የደጅ አዝማች። ማዕረጉ ራሱ ሰልፍ ነው! ሰውዬው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቆም ይናገራል። በጭጋግ፣ በአቧራ፣ ንጉሡ በማይታይበት ሰዓት "ቦታዬ የት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ስሙ ይመልስለታል። የጥንት አባቶች ትእዛዝ ውድ መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ግማሹን ትእዛዝ አስቀድመው በስም ሰጡት።

ሰንጠረዣችንም አለ። በዱሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የፈለጉትን ያህል እያንቀሳቀሱ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ያስተካክላሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው መበላት ሲመጣ ወረራው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው። በጣም የሚገርም ሕግ ነው። ከመገናኘታችሁ በፊት እንደፈለጋችሁ ተሰለፉ፣ ከተገናኛችሁ በኋላ ግን እያንዳንዷ እርምጃ ዋጋ አላት ይላል። የአጊስ ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ ወረራው ካለቀ በኋላ ነው ያዘዘው።

ጨዋታውም ይዋሻል

ጨዋታውን አምላክ አላደርገውም። ካርቶን አይፈራም። ቱሲዲደስ የነገረን ያ ወደ ቀኝ መሳብ በእኛ ጠረጴዛ ላይ የለም፤ ካርቶኑ ቀኝ ጎን ስለሌለው የጓደኛውን ጋሻ አይፈልግም። ተማሪዬም ጠረጴዛውን ከላይ ሆና አይታዋለች፤ አጊስ ግን ከሰልፉ ውስጥ፣ በአቧራ መሃል ቆሞ ነው ያዘዘው። ስለዚህ እውነተኛው ነገር ከጨዋታው ይበልጥ ከባድ እንጂ ቀላል አልነበረም።

ግን ለእኔ ለአስተማሪው አንድ ነገር ሰጥቶኛል። ከእንግዲህ ሰሌዳ ላይ ቀስት ስስል እጄ ይከብደኛል። ቀስቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ስንት ሜትር ሊሄድ ነው? ማን ነግሮት፣ በምን ድምፅ? ስንት ደቂቃ አለው? እነዚህን ሳልጠይቅ "ፈሪ" ወይም "ሞኝ" የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ እጠነቀቃለሁ። ሙታን ለራሳቸው አይከራከሩም፤ እነሱን ወክሎ ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያልተንቀሳቀሱትን የሁለቱን ሰዎች ስም እናውቃለን፤ ሂፖኖይዳስና አሪስቶክሌስ። በፍርሃት የተፈረደባቸው ስለሆነ ተጻፈ። በውሻ ራሶች 20 ማኒፕል አዙሮ የሮማን ድል ያመጣውን ትሪቡን ስም ግን ማንም አልጻፈልንም። ያልዞሩት በስም ተቀጡ፤ የዞረው ያለ ስም ቀረ።

ያ ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ በማግሥቱ መጥቶ "ቲቸር፣ ካርቶኑን ቤት ልውሰደው?" አለኝ። ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት ሲመልሰው ሁለቱ ካርቶኖች ላይ በእስክሪብቶ ስም ጽፎባቸዋል። የትኞቹን ስሞች እንደጻፈ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እናንተስ ዳኛ ብትሆኑ ምን ትፈርዱ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። መልካም ሳምንት።